የየቲሙ እጅና የማሽኑ ጉልበት
(በአብርሃ ጅራ ለየቲም ቤተሰቦችና ለበጎ አድራጊዎች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም የቲም ሆነው ባደጉት፣ የየቲምንም ጉዳይ ከእምነት ጋር ባስተሳሰሩት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! በቤታችሁ የቲም የምታሳድጉ እናቶች፣ አያቶችና አጎቶች! ከላባችሁ ቀንሳችሁ ለማታውቁት ልጅ የምትልኩ ለጋሾች!

ዛሬ የምንነጋገርበት ርዕስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት ከየቲም ጉዳይ የራቀ ሊመስል ይችላል። ስለ እንጨት መቅረጫ ማሽን፣ በተለይም ቢቱን ስለሚያሽከረክረው ሞተር እንናገራለን። ከእናንተ መካከል የቀረበልን ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፦ «ለወጣት የቲሞች የእጅ ሙያ ማስተማሪያ የሚሆነው አነስተኛ ሲኤንሲ ራውተር ጉልበቱ ደካማ ነው ይባላል። የበለጠ ኃይል ያለው ስፒንድል ቢገጠምለት ይጠቅማልን? ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?» ጥያቄው የመካኒክ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ የአማና፣ የሸሪዓና የአንድ ትውልድ ዕጣ ፈንታ ጥያቄ አለበት። ስለዚህ በየተራ እንመልከተው።

ድጋፉ ሲያበቃ ልጁ ወዴት ይሄዳል?

በሸሪዓ «የቲም» የሚባለው አባቱን በሞት ያጣና ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ነው። ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ስሙ ይቀየራል፤ በአብዛኛው የድጋፍ መዝገብም ስሙ የሚሰረዘው በዚህ ዕድሜ አካባቢ ነው። ሆኖም ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ መጀመሪያ ላይ ዕድሜን ብቻ መለኪያ አላደረገም። የየቲሞች ገንዘብ ለእነርሱ ከመመለሱ በፊት እንዲፈተኑና ብስለት እንዲታይባቸው ያዛል። ዑለሞች ይህን ፈተና ሲያብራሩ፣ ልጁ በጥቂት ገንዘብ እንዲገዛና እንዲሸጥ፣ ወይም በሚያገለግልበት ሙያ እንዲሠራ አድርጎ አያያዙን መመልከት ነው ብለዋል። ስለዚህ ሙያ ማስተማር ከቀለብና ከልብስ በኋላ በትርፍ የሚመጣ ነገር አይደለም። ልጁን ከሞግዚትነት ወደ ራሱ ጌትነት የሚያሸጋግረው ድልድይ ነው።

በዚህ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ድልድዩ ባይኖር ልጁ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ከአብርሃ ጅራ እስከ መተማና ቋራ ያለው መሬት የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ ምድር ነው። በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው፤ አባት የሌለው የ15 ዓመት ልጅም ከዚያ ሰልፍ ይገባል። በእርሻው ወባ አለ፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር አለ፤ እባብም አለ። ብዙ የደጋ ልጆች የቲም የሆኑት አባቶቻቸው እዚህ በእነዚህ በሽታዎች ስለ ቀሩ ነው። አባቱን የወሰደው መንገድ ልጁንም እንዳይወስደው ምን አደረግን? ብለን መጠየቅ ይገባናል። ድንበር መሻገርም ቢሆን እንደ ቀድሞው አይደለም። በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ በመተማ በኩል የምናየው ስንቅ ፍለጋ የሚሻገርን ሳይሆን ሕይወቱን ይዞ የሚሸሽን ሰው ነው። በክልላችንም የተነሣው ግጭት ሌሎች ልጆችን ያለ አባት አስቀርቷል። እንግዲህ በአካባቢው ሊሠራበት የሚችል ሙያ መፈለግ ግድ ሆነ።

እንጨትና የነቢያት ሙያ

የእንጨት ሥራ ክብሩ ትንሽ አይደለም። ኑሕ (ዐ.ሰ.) መርከባቸውን ከሳንቃና ከምስማር ሠርተዋል። ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጺ እንደ ነበሩ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ዳውድ (ዐ.ሰ.) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይመገቡ እንደ ነበር በቡኻሪ ተላልፏል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ቆመው የሚናገሩበት ሚንበርም የአንዲት አንሷሪት ሴት አገልጋይ በነበረ አናጺ እጅ፣ ከመዲና አጠገብ ካለው ጫካ ከመጣ እንጨት የተሠራ ነው። ስሙ በብዙ ሰው ዘንድ የማይታወቅ አንድ ሠራተኛ ሦስት ደረጃ ያለው ሚንበር ሠራ፤ ኡመቱም እስከ ዛሬ ያወሳዋል።

ሙስሊሞች ከማሽን ጋርም እንግዳ አይደሉም። አል-ጀዘሪ በ1206 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቀው መጽሐፉ ውሃ የሚስቡ፣ ሰዓት የሚቆጥሩና በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ መሣሪያዎችን ከነሥዕላቸው አስተምሯል። በቁጥር ትእዛዝ የሚመራው የመቅረጫ ማሽን በበኩሉ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሕዝብ የታየው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ ትእዛዙ በተበሳ የወረቀት ጥቅል ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ በኮምፒውተር ይሰጣል። ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ሰው ሥዕሉን በቁጥር ይጽፋል፤ ማሽኑም በሦስት አቅጣጫ እየሄደ እንጨቱን ይቀርጻል።

ማሽኑ ምንድን ነው? ስፒንድሉስ?

ሲኤንሲ ራውተር ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በሐዲድ ላይ የሚንሸራተተው አካል ነው፤ ሁለተኛው በአካሉ ጫፍ ቆሞ ቢቱን የሚያሽከረክረው ሞተር፣ ማለትም ስፒንድሉ ነው። አካሉን እንደ ክንድ፣ ስፒንድሉን እንደ ጡንቻ ብናስበው አንሳሳትም።

በአነስተኛ ማሽኖች ላይ የሚገጠመው ሞተር ብዙውን ጊዜ 500 ወይም 800 ዋት ነው። ከዚህ ከፍ ሲል በብዛት የሚመረጠው 1.5 ወይም 2.2 ኪሎ ዋት ስፒንድል ነው፤ የሁለተኛው ውፍረት 80 ሚሊ ሜትር ነው። ከፍተኛ ፍጥነቱ በደቂቃ 24,000 ዙር ሲሆን፣ ይህን ፍጥነት የሚያገኘው ኢንቨርተር ከሚባለው መሣሪያ ነው። ኢንቨርተሩ ከግድግዳው በ50 ኸርዝ የሚመጣውን ነጠላ ፌዝ ተቀብሎ እስከ 400 ኸርዝ የሚደርስ ሦስት ፌዝ ያደርገዋል። 400 ኸርዝ በ60 ሰከንድ ሲባዛ 24,000 ይሆናል፤ ስሌቱ ይኸው ነው።

የመጠምዘዝ ኃይሉን ብናሰላ፣ 800 ዋቱ በሙሉ ፍጥነቱ 0.32 ኒውተን ሜትር ያህል፣ 2.2 ኪሎ ዋቱ ደግሞ 0.88 ያህል ይሰጣል። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ነገር ግን ልብ እንበል! ፍጥነቱን ወደ 12,000 ዙር ስናወርደው የ2.2 ኪሎ ዋቱ ጉልበት ወደ 1.1 ይወርዳል። በማሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር በሙሉ ፍጥነት ብቻ የሚገኝ ነው። ነጋዴው ይህን ላይነግረን ይችላል፤ ገዢው ግን ማወቅ አለበት።

ሌላም ጥቅም አለ። ትንሹ ስፒንድል ቢቱን የሚጨብጥበት ኮሌት በአብዛኛው ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ቢት አይቀበልም። ትልቁ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይቀበላል። የቢት ውፍረት እጥፍ ሲሆን ላለመጉበጥ ያለው ጥንካሬ 16 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለበር ሳንቃና ለወፍራም እንጨት ብዙ ጊዜ የሚጠቅመን ከኃይሉ ይልቅ ወፍራም ቢት መያዝ መቻሉ ነው።

ከመግዛት በፊት በሽታውን መለየት

ሐኪም በሽታውን ሳይለይ መድኃኒት አያዝም። ማሽኑ «ደካማ ነው» ሲባልም ምልክቱን እንጠይቅ።

እንጨቱ ጠርዙ እየጠቆረ የሚቃጠል ከሆነ ችግሩ ሞተሩ አይደለም። ቢቱ ደንዝዟል፣ ወይም ማሽኑ በጣም ዝግ ብሎ ስለሚሄድ ቢቱ እየቆረጠ ሳይሆን እየፋቀ ነው። ቢቱ እየተሰበረ ያስቸገረ እንደ ሆነ ጥልቀቱ ወይም አካሄዱ በዝቶበታል። የተቆረጠው ጠርዝ ማዕበል ከሠራ ሐዲዱ ወይም ብሎኑ ላልቷል። ሞተሩ እንጨት ውስጥ ሲገባ ድምፁ እየወረደ የሚያቃስትና የሚቆም ከሆነ ግን፣ በእርግጥ ጉልበት አንሶታል። ከእነዚህ ከአራቱ ምልክቶች አዲስ ስፒንድል የሚያድነው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሦስቱን የሚያድነው የሠራተኛው እውቀት ነው፤ እሱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

አካሄዱን ለማስላት ቀላል መንገድ አለ። የዙሩን ብዛት በቢቱ ጥርስ ብዛትና እያንዳንዱ ጥርስ በሚያነሣው ፍቅፋቂ ውፍረት እናባዛለን። 18,000 ዙር፣ 2 ጥርስ፣ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ውጤቱ በደቂቃ 3,600 ሚሊ ሜትር ነው። ማሽኑ በዚህ ፍጥነት ሳይንቀጠቀጥ መሄድ ካልቻለ ትልቅ ሞተር ብንሰቅልበት ትርፉ ጭስ ነው። ይህን ስሌት 7ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ይሠራዋል። አስተማሪው ለወጣቶቹ ይስጣቸው። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት «ያስፈልጋል» ወይም «አያስፈልግም» የሚለውን በቁጥር አስደግፈው እነርሱ ያቅርቡ። ቁርኣን ያዘዘው የብስለት ፈተና ከዚህ የተሻለ በምን ይገለጻል?

ጉልበቱ በእርግጥ ካነሰና አካሉ ጠንካራ ከሆነ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ በ6 ሚሊ ሜትር ቢት ሲቆረጥ፣ ትንሹ ሞተር በየዙሩ 3 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 6 ጊዜ መመላለስ አለበት። ትልቁ 6 ሚሊ ሜትር ቢወርድ በ3 ጊዜ ይጨርሳል። የመቁረጫው ሰዓት በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ግማሽ ሰዓት ትልቅ ሀብት ነው።

የቆላው ምድር የሚጠይቀው ጥንቃቄ

በሌላ አገር የተጻፈ ምክር ሁሉ ለአብርሃ ጅራ አይሆንም። ስለዚህ አምስት ነገሮችን እናስታውሳለን።

አንደኛ፣ ክብደቱ። የ2.2 ኪሎ ዋቱ ስፒንድል ከነማሰሪያው 5 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። ለቀላል ሞተር የተሠራው ቋሚ ክንድ ይህን ሲሸከም ይንቀጠቀጣል፤ መብራት ሲጠፋም የሚያነሣው ሞተር ኃይል አጥቶ ስፒንድሉ በክብደቱ ወደ እንጨቱ ሊወርድ ይችላል። ክንዱን ሳያጠነክሩ ሞተር መቀየር በደካማ አህያ ላይ የግመል ጭነት እንደ መጫን ነው።

ሁለተኛ፣ መብራቱ። ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚሻገረው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በአካባቢያችን ያልፋል። ትልቅ መስመር በአገሩ አለፈ ማለት ግን በእያንዳንዱ ቤት ማከፋፈያ ላይ ቮልቴጁ ጸንቶ ይቆማል ማለት አይደለም። 2.2 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት በሙሉ ጭነት ቢያንስ 10 አምፔር ነው፤ በኢንቨርተሩ ጠባይ ምክንያት ወደ 15 አምፔርና ከዚያም በላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ራሱን የቻለ መስመር፣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ተስማሚ ብሬከርና የታመነ የመሬት መስመር ያስፈልገዋል። በጄኔሬተር የሚሠራ ከሆነ ጄኔሬተሩ የሞተሩን እጥፍ ያህል አቅም ሊኖረው ይገባል። መብራት በሥራ መካከል ሲጠፋ ማሽኑ ያለበትን ቦታ ይረሳል፤ ስለዚህ የመነሻው ነጥብ በገበታው ላይ በቋሚ ምልክት ይያዝ።

ሦስተኛ፣ ሙቀቱ። በመጋቢትና በሚያዝያ በቆላችን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሚወጣበት ቀን አለ። ብዙዎቹ ኢንቨርተሮች ሙሉ ጉልበታቸውን እንዲሰጡ የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ ወይም ራሳቸውን ያጠፋሉ። በውሃ የሚቀዘቅዝ ስፒንድል ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ነገር ግን ንጹሕ ውሃ፣ ፓምፕና ጠባቂ ይፈልጋል። በባልዲ ያለው ውሃም በቆላ ቀን ቶሎ ይሞቃል። በአየር የሚቀዘቅዘው ጥገናው ቀላል ሲሆን፣ ማራገቢያው ከራሱ ዘንግ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በዝቅተኛ ዙር ለረጅም ጊዜ ቢሠራ ይግላል። ለእንዲህ ያለ አገር በአየር የሚቀዘቅዘውን መርጦ፣ ከአስፈላጊው ከፍ ያለ አቅም ያለው ኢንቨርተር ገዝቶ፣ በጥላና ከአቧራ በተጠበቀ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከባዱንም ሥራ ማለዳ መሥራት የተሻለ ይመስለናል።

አራተኛ፣ የኢንቨርተሩ ቅንብር። ብዙ ስፒንድል በመጀመሪያው ቀን የሚቃጠለው በዚህ ነው። አዲስ ኢንቨርተር ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚመጣው ለ50 ኸርዝ ሞተር ተቀናብሮ ነው። የእኛ ስፒንድል 220 ቮልት መቀበል ያለበት በ400 ኸርዝ ነው። ቅንብሩ ሳይስተካከል ቢበራ ሙሉውን ቮልቴጅ በ50 ኸርዝ ይቀበላል፤ ይህም ከተሠራበት መጠን 8 እጥፍ ስለሆነ መጠምጠሚያው ወዲያው ይቃጠላል። የብዙ ሰዎች ሰደቃ በአንድ ደቂቃ ጭስ ይሆናል። ስለዚህ መመሪያውን ያነበበ ባለሙያ ከጎኑ ሳይቆም ማንም እንዳያበራው።

አምስተኛ፣ አቧራው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መካከል የመደበው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ትልቅ ሞተር ብዙ ብናኝ ያነሣል፤ የኤምዲኤፍ ብናኝ ደግሞ ሙጫ የተቀላቀለበት ነው። መሳቢያ ቱቦ፣ በቂ ጭምብል፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ ከስፒንድሉ ዋጋ ጋር አብረው ይታሰቡ። እነዚህን ለመግዛት ገንዘብ ካልተረፈ ስፒንድሉም አይገዛ። የየቲምን እንጀራ በሳንባው መግዛት አይፈቀድምና።

ማን ያንቀሳቅሰው?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት ደግሞ ጤናውንና ደኅንነቱን ለአደጋ ከሚያጋልጥ ሥራ ይጠብቃል፤ የሥራ ሰዓቱም በቀን ከ7 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ሞግዚቶች ይህን እንደ መንግሥት ሸክም አይቁጠሩት። ጉዳትን መከላከል የሸሪዓም መሠረት ነው። ስለዚህ ታናናሾቹ ሥዕል መንደፍን፣ መለካትን፣ አሸዋ ወረቀት መምታትንና ቀለም መቀባትን ይማሩ፤ በ24,000 ዙር ከሚሽከረከረው ቢት አጠገብ የሚቆመው ግን ዕድሜውም ሥልጠናውም የፈቀደለት ብቻ ይሁን። ነጠላ፣ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ ወደ ማሽኑ አይቅረብ። ሴቶች ልጆቻችንም በዚህ ሙያ ድርሻ አላቸው። ሥዕሉን በኮምፒውተር መንደፍ፣ ስሌቱን ማውጣትና ማሽኑን መምራት የክንድ ጥንካሬን አይጠይቅም፤ ንጹሕ አእምሮን ነው የሚጠይቀው።

በማን ገንዘብ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ቁርኣን የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበሉትን ሆዳቸውን በእሳት እንደሚሞሉ ሰዎች አድርጎ አስጠንቅቋል። ግፍ ማለት ሰርቆ ኪስ ማስገባት ብቻ አይደለም። ለአንድ ስም የተሰጠን ገንዘብ በመልካም ሐሳብም ቢሆን ወደ ሌላ ጉዳይ ማዞር አማናን ማጉደል ነው። ስለዚህ ሦስት ዓይነት ገንዘብ ለይተን እንያዝ።

የመጀመሪያው የካፊል ገንዘብ ነው። ለአንድ ስሙ ለተመዘገበ ልጅ ቀለብ፣ ልብስና ትምህርት የተላከ ነው። ከዚህ አንድ ብር እንኳ ያለ ካፊሉ ፈቃድ ለማሽን አይነካም።

ሁለተኛው ዘካ ነው። ቁርኣን በሱረቱ ተውባ ዘካ የሚገባቸውን 8 ክፍሎች ሲዘረዝር የቲም በስሙ አልተጠቀሰም፤ ድሃ ከሆነ በድህነቱ ይገባል። ብዙ ዑለሞች ዘካ በተቀባዩ እጅ የግል ንብረት መሆን አለበት ስለሚሉ፣ የጋራ ማሽን በዘካ ከመግዛት መታቀብ ይሻላል። ሆኖም ኢማም ነወዊ በአል-መጅሙዕ እንዳስረዱት፣ ሙያ ያለው ድሃ የሙያውን መሣሪያ የሚገዛበት ያህል ከዘካ ይሰጠዋል። እንግዲህ ሥልጠናውን ለጨረሰ ድሃ ወጣት የራሱ መሮ፣ መላጊያ፣ መጋዝና የእጅ ራውተር ከዘካ ቢገዛለት በር አለው። በዝርዝሩ የአካባቢያችሁን ዑለሞች ጠይቁ።

ሦስተኛው ሰደቃና ወቅፍ ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን ምርጥ መሬት ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠይቁ፣ መሬቱ ሳይሸጥ ፍሬው ለድሆች እንዲውል ተመርተዋል። ማሽንም በዚህ መንገድ ወቅፍ ሊሆን ይችላል፤ አካሉ ይጠበቃል፣ ጥቅሙ ይከፋፈላል። የወቅፍ ሕግ ደግሞ ከገቢው አስቀድሞ ለጥገናው እንዲወጣ ያዛል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የተሸጠ ዕቃ ለቢት፣ ለተሸካሚ ኩሽኔታና ለመለዋወጫ የሚቀመጥ ድርሻ በመዝገብ ይያዝ። ጥገና የሌለው ወቅፍ በሁለት ዓመት ውስጥ የአቧራ ማረፊያ ይሆናል።

ዋጋውንም አንዘንጋ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ ስፒንድል ሁሉ ዋጋው በዚሁ ልክ ወጥቷል። ያለ ስሌት መግዛት ዱሮም ጥፋት ነበር፤ ዛሬ ከባድ ጥፋት ነው። የሦስት ሻጮች ዋጋ በጽሑፍ ተሰብስቦ፣ በኮሚቴ ታይቶ፣ ደረሰኙ ለለጋሾች ይቅረብ።

ምን ይሠራበት?

ማሽን ገበያ ከሌለው ጌጥ ነው። አልሐምዱ ሊላህ፣ ለእንጨት ሥራ ገበያው ከደጃችን ነው። ለመድረሳዎች ሉሕና የቁርኣን ማስቀመጫ ረሓል፣ ለመስጊዶች የጫማ መደርደሪያ፣ የመጽሐፍ ሣጥንና የሚሕራብ ጌጥ፣ ለትምህርት ቤቶች ዴስክ፣ ለቤተሰብ በር፣ አልጋና ቁም ሣጥን ያስፈልጋል። ጽሑፍና ሐረግ መቅረጽ ትንሹ ሞተርም ይበቃዋል። ትልቁ የሚያስፈልገው ለበር፣ ለዴስክና ለወፍራም ሳንቃ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ የረሓልና የጌጥ ከሆነ በትንሹ ይቀጠል፤ የበርና የዴስክ ትእዛዝ በእጅ ሲገባ ይታደግ።

እንጨቱም ሐላል ይሁን። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክለው ነበር። ያለ ፈቃድ ከጫካ በወጣ ግንድ የተሠራ ረሓል ላይ ቁርኣን ማስቀመጥ ያሳፍራል። ከተተከለ ባሕር ዛፍ፣ ከኮምፔንሳቶና ከኤምዲኤፍ በቂ ሥራ ይወጣል።

ወላጅ ያጡ ልጆችን ከሙያ ጋር ማስተሳሰር በአገራችን አዲስ ሐሳብ አይደለም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በአዲስ አበባ የተቋቋመው ሰላም የሕፃናት መንደር ልጆችን ከማሳደግ ጎን ለጎን የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ አቋቁሟል። ልጅ በማደሪያና በምግብ ብቻ እንደማይቆም ያስተዋሉ የሌላ እምነት ወገኖቻችን ይህን ካደረጉ፣ የየቲምን ራስ መዳበስ ኢባዳ መሆኑን የተማርን እኛ ወደ ኋላ ልንል አይገባም።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ወገኖች! ለቀረበልን ጥያቄ መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። የስፒንድሉን ጉልበት ማሳደግ ይጠቅማል፤ ይኸውም ችግሩ የጉልበት ማነስ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ አካሉ ከቻለው፣ መብራቱ ከተሸከመው፣ ልጆቹ ከአቧራና ከአደጋ ከተጠበቁ፣ ትእዛዝ ካለና ገንዘቡ ለዚሁ ተብሎ የተሰጠ ከሆነ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ገንዘቡ ለአሠልጣኝ ደመወዝና ለስለታም ቢት ቢውል የበለጠ ያተርፋል። ሞተር ከገበያ ይገዛል፤ የሚያስተምር ሰው ግን በትዕግሥትና በክብር ካልተያዘ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል።

ከለጋሾች የምንጠይቀው ስትሰጡ ለምን እንደ ሰጣችሁ በግልጽ እንድትናገሩ ነው፤ «ለእገሌ ቀለብ» ወይም «ለሥልጠናው ወቅፍ» በሉ። ከቤተሰቦች የምንጠይቀው ልጁ በአጨዳ ወቅት ለጥቂት ሳምንት ገቢ ተብሎ ከሥልጠናው እንዳይነሣ ነው። ችግሩ በቤታችሁ እንዳለ እናውቃለን። ስለዚህም በኅዳርና በጥቅምት ለእነዚህ ቤቶች ተጨማሪ ቀለብ እንዲታሰብ ለጋሾችን እንማጸናለን። ከወጣቶቹ የምንጠይቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ የተማራችሁትን ለሚከተላችሁ የቲም አስተምሩ። ዛሬ እጃችሁ የሚቀበል ነው፤ ነገ የሚሰጥ እንዲሆን ነው ልፋቱ ሁሉ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የየቲም አሳዳጊ በጀነት ለእርሳቸው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ሲገልጹ ሁለት ጣቶቻቸውን አሳይተዋል። ያን ቅርበት የሚመኝ ሁሉ የሰጠው ብር የት እንደ ደረሰ ይጠይቅ፤ የተቀበለም ሳይጠየቅ ይመልስ።

አላህ (ሱ.ወ.) ከእናንተም ከእኛም መልካሙን ይቀበል። የቲሞቻችንን በዲናቸው የጸኑ፣ በእጃቸው የሚበሉ ያድርጋቸው። ለአገራችንና ለጎረቤታችን ሰላምን ያውርድ፤ ከእንግዲህ በጦርነት የቲም የሚሆን ልጅ አያሳየን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።